አንድ ሲክስላይን ብቻ ቀረ፤ ከአለቱ ውስጥ እንዴት ይውጣ?

ማዕበሏ፦

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። 300 ሊትር የሚይዘው የጨው ውሃ ታንኬ ውስጥ ነጭ ነጠብጣብ ገብቷል፤ ያ ክሪፕቶካሪዮን የሚባለው ጥገኛ ነው። ከአዲስ ኮራል ጋር ተጣብቆ የመጣ ይመስለኛል። ዓሦቹን በሙሉ ወደ ማቆያ ታንክ አውጥቼ በኮፐር (በመዳብ መድኃኒት) ላክማቸው፣ ዋናውን ታንክ ደግሞ ጥገኛው እስኪያልቅ ያለ ዓሣ ላቆየው ወስኛለሁ። ሁለቱ ክላውንፊሾችና ጎቢው ያለ ብዙ ትግል ወጡ። የቀረኝ ሲክስላይኑ ነው፤ ያ ትንሹ፣ ባለ ስድስት መስመሩ ዓሣ።

መረቡ ገና ውሃ ሳይነካ ይሰወራል። አለቱ ውስጥ ለውስጥ የተያያዘ ዋሻ ስለሆነ በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በየትኛው እንደሚወጣ አይታወቅም። ክንፉ ላይ ነጠብጣቡ ይታየኛል፣ መብላት ግን አላቆመም። ኮራሎቹ አድገው አንዱን አለት ከሌላው አጣብቀውታል፤ ሁሉን ማፍረስ የመጨረሻው አማራጭ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለ ዓሣ በሕይወት ያወጣችሁ ካላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።

አዲስ_ጀማሪ፦

ይቅርታ፣ ምናልባት የማላውቀው ነገር ይሆናል። አንድ ዓሣ ብቻ ከቀረ እዚያው ቢቆይ ምን ይጎዳል? ወይም ኮፐሩን እዚያው ታንክ ውስጥ ብትጨምሪውስ?

ጥልቁ፦

ልጄ፣ ጥሩ ጠየቅህ። ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የሚያልፈው ጥያቄ ነው።

ከኮፐሩ ልጀምር። ዓሣን በሚያድነው መጠን ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣን፣ ሸርጣንንና ኮራልን ይገድላል። ከዚያም በላይ አለቱና አሸዋው መድኃኒቱን ወደ ውስጣቸው ይመጥጡታል። ውሃው ውስጥ የቀረው ያንስና ጥገኛውን አይገድልም፤ የተመጠጠው ደግሞ ለወደፊት ታንኩን ለሽሪምፕና ለኮራል አደገኛ ያደርገዋል። ማቆያ ታንክ ባዶ የሚሆነው፣ አለትም አሸዋም የማይገባበት ለዚህ ነው።

አንዱ ዓሣ ስለመቅረቱ ደግሞ የጥገኛውን ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥገኛው በዓሣው ቆዳና ስንጥብ ላይ ለጥቂት ቀናት ይመገባል፤ ከጠገበ በኋላ ይለቅና አለት፣ አሸዋ ወይም መስታወት ላይ ተጣብቆ ራሱን በሽፋን ያሽጋል። እዚያ ውስጥ ሲከፋፈል ቆይቶ በመቶ የሚቆጠሩ ዘሮች ሊለቅ ይችላል። እነዚህ የሚፈለፈሉት ደግሞ በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በምርምር ከ3 እስከ 72 ቀን ድረስ ተመዝግቧል። ከተፈለፈሉ በኋላ ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ያልቃሉ። እኛ ታንክ ለ76 ቀን ያለ ዓሣ ይቆይ የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው። አንድ ዓሣ፣ ያውም ትንሹ፣ ውስጥ ካለ ዑደቱ አይቋረጥም። ስለዚህ የማዕበሏ ቆጠራ የሚጀምረው ሲክስላይኑ በወጣ ቀን ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ ልጄ። መረቡን አስቀምጪው። ከታንኩ አጠገብ እንኳ አይታይ። ለጥቂት ቀናት ሥራሽ ማየት ብቻ ይሁን፦ ጠዋት መጀመሪያ ከየት ይወጣል? በየትኛው መንገድ ይመላለሳል? ማታ መብራቱ ሲደበዝዝ የት ይገባል? በተለይ የመጨረሻውን ጻፊልኝ።

ወጥመድ_ሠሪው፦

ጋሽ ጥልቁ እንዳሉት ማሳደዱ ይቁም። አንድ ጊዜ ያመለጠ ዓሣ መረብ ብቻ ሳይሆን የባለቤቱን አኳኋን ሳይቀር ይለያል። ሰው ሊያበላ ሲመጣና ሊይዝ ሲመጣ አቋቋሙ አንድ አይደለም።

የእኔ ምርጫ ወጥመድ ነው። አክሪሊክ ከሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ የተሠራ ሣጥን፣ በአንድ በኩል ወደ ላይ የሚሳብ በር፣ በሩን ከፍቶ የሚይዝ የዓሣ ማጥመጃ ክር። ውሃ እንዲዘዋወርበት ጎኖቹ ይበሱ። ሰዎች ወጥመዱን ባስገቡበት ቀን ለመያዝ ይጣደፋሉ። አይሆንም። በሩ ክፍት ሆኖ ታስሮ ይቀመጥ፤ አልጌ እስኪይዘው፣ ዓሣው እንደ አንድ ድንጋይ እስኪቆጥረው ድረስ። ምግብ ከዚያ በኋላ ወጥመዱ ውስጥ ብቻ ይሰጥ፤ የቀለጠ ማይሲስ (ትንንሽ ሽሪምፕ መሰል የዓሣ ምግብ) በረጅም ቱቦ ወደ ጀርባው ግድግዳ ይጨመቅ። መጀመሪያ በሩ ላይ ቆሞ ያያል፣ ቀጥሎ አንዲቷን ነጥቆ ይወጣል፣ ቆይቶ ውስጥ ተረጋግቶ ይበላል። ክሩ የሚለቀቀው አፉ ወደ ጀርባው ግድግዳ ዞሮ ሲበላ ብቻ ነው። ክሩን አስረዝመሽ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ።

ሣጥን ከሌለ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጦ ገልብጦ ወደ ውስጥ መክተት ይቻላል። ዓሣው በሰፊው ይገባል፣ ጠባቡን መውጫ ግን አያገኘውም። ግን ጠርሙስ ወጥመድ ተጥሎ አይረሳም፤ ውሃ በደንብ የማይዘዋወርበት ስለሆነ የተያዘው ዓሣ አየር ሊያጥረው ይችላል። በየጊዜው ይታይ።

አለት_በአለት፦

በዚህ ሁሉ ትዕግሥት መሀል ዓሣው ታሞ ነው ያለው። ነጭ ነጠብጣብ ስንጥብ ውስጥ ሲገባ እኮ አይታይም፤ ዛሬ የሚበላ ዓሣ ከነገ ወዲያ በጎኑ ተኝቶ ሊገኝ ይችላል። የወጥመድ ልምምድ ለጠበኛ ዓሣ ነው፣ ለታመመ አይደለም።

እኔ ውሃውን አውርጂው ነው የምለው። በቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ማሞቂያውን ከኤሌክትሪክ ንቀዪ፤ እንደጋለ ከውሃ ከወጣ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ፓምፖቹን። ከዚያ ውሃውን ሳሙና ነክቷቸው በማያውቁ ንጹሕ በርሜሎችና ባልዲዎች ቅጂ፤ ያው ውሃ ነው የሚመለሰው። ስንዝር ያህል ሲቀር ዓሣው መዋኛ ያጣል፣ መረብ በቂ ነው። ኮራል ከውሃ ውጭ ለአጭር ጊዜ ይችላል፤ በተፈጥሮም ባሕሩ ሲሸሽ ራቁቱን የሚቀር አለ። በታንኩ ውሃ እየረጨሽ አርጥቢው። ስፖንጅ ካለሽ ግን እሱን ከውሃ አታውጪው፤ ውስጡ የገባው አየር ይገድለዋል።

ጥልቁ፦

አለት በአለት ወንድሜ፣ አሳሳቢነቱ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ። ጊዜ የለንም ያልከው ልክ ነው። ዘዴው ግን ለዚህ ዓሣ አይሆንም።

ውሃ ማውረድ የሚሠራው በክፍት ውሃ ውስጥ ለሚውል ዓሣ ነው። ታንግ፣ አንቲያስ፣ ክሮሚስ ውሃው ሲቀንስ አብረው ይወርዳሉ። ሲክስላይን ሲደነግጥ ወደ አለት ነው የሚገባው። ውሃው ሲወርድ የቀዳዳው ሥር በቀረች ጥቂት ውሃ ውስጥ ተሸጉጦ ይቀራል። ያኔ ታንኩ ባዶ ነው፣ ዓሣው አይታይም፣ ከአለቱ የትኛው ውስጥ እንዳለም አይታወቅም።

ወጥመድ ሠሪው ላይም አንድ ነገር ልጨምር። ወጥመድ የሚሠራው በረሃብ ነው። ሲክስላይን ግን ቀኑን ሙሉ አለት ለአለት እየዞረ ኮፔፖድ የሚባሉ ደቃቅ የውሃ ነፍሳትና ትናንሽ ትሎች የሚለቅም ዓሣ ነው። ከቀይ ባሕር እስከ ፓሲፊክ ደሴቶች ባለው የኮራል ሪፍ ኑሮው ይኸው ነው። የቆየና ሕይወት የሞላበት አለት ያለው ታንክ ውስጥ ብዙ ቀን ምግብ ብትከለክዪው እንኳ አይራብም። ወጥመዱ ይሞከር፣ ጊዜ ግን ይወሰንለት።

ቀጭን_ክር፦

ስለ መንጠቆ ማንም አላነሣም። እጅግ ትንሽ መንጠቆ፣ ለሰው ሠራሽ ዝንብ መሥሪያ የሚሆነው ዓይነት፣ ቀልባሳው ጫፍ በጉጠት ተጨፍልቆ፣ የማይሲስ ቁራጭ ተሰክቶበት። እልከኛ ሆክፊሽ በዚህ ወጥቶልኛል፤ ከንፈሩ ላይ ምልክት እንኳ አልቀረም።

ወጥመድ_ሠሪው፦

ለሆክፊሽና ለትሪገር እስማማለሁ፣ አፋቸው ሰፊ ነው፣ ያገኙትን በአንዴ ይጎርሳሉ። ሲክስላይን አድጎም ከ10 ሴንቲሜትር አይበልጥም፣ አፉ የመርፌ ቀዳዳ ነው፣ ምግቡንም ለቅሞ ነው የሚበላው። ጉንጩን ወይም ዓይኑን ልትወጋው ትችላለህ። በዚያ ላይ በጥገኛ የቆሰለ ቆዳ ያለው ዓሣ ነው።

ቀጭን_ክር፦

የታመመ መሆኑን ስታነሣው ሐሳቤን እተዋለሁ። ለጤነኛ ትልቅ ዓሣ ግን ሰዎች አይፍሩት።

ማዕበሏ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወጥመዱን ከአክሪሊክ ሠርቼ ከገባ ሰንብቷል። እስካሁን የገባበት ክሊነር ሽሪምፑ ብቻ ነው፤ እሱ ማይሲሱን አቅፎ እዚያው ቁጭ ይላል። ሲክስላይኑ በሩ ድረስ ይመጣል፣ በአንድ ዓይኑ ያያል፣ ከበሩ ሥር አንዲት ቅንጣት ነጥቆ ይሄዳል። ጋሽ ጥልቁ እንዳሉት ነው፤ ሆዱ ሞልቷል፣ አለቱን ሲለቅም ነው የሚውለው። ነጠብጣቡ ደግሞ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ነበር፣ አሁን በዝቶ ተመልሷል።

ማታ የሚገባበትን አይቻለሁ። መብራቱ ሲደበዝዝ በግራ በኩል ካለው የአለት ክምር መሀል ያለች፣ ዞአንተስ የሚባለው ኮራል የወጣባት አለት ውስጥ ይገባል። ባየሁት ምሽት ሁሉ በዚያችው ቀዳዳ ነው።

ጥልቁ፦

ይኸው! የምጠብቀው ይህን ነበር። ቀን በመቶ ቀዳዳ የሚዞር ዓሣ ማታ በአንዷ ብቻ ነው የሚተኛው። ቀን የሱ ነው፣ ሌሊቱ ያንቺ ይሁን።

ነጠብጣቡ ጠፍቶ መመለሱ እንዳያዘናጋሽ። የጠፋው ጥገኛው ጠግቦ ለመራባት ስለወረደ ነው፤ በዝቶ መመለሱም ከዚያ የተነሣ ነው። ስለዚህ ከዚህ በላይ አንጠብቅ።

ሲክስላይን ሲተኛ ከሰውነቱ በሚያመነጨው ዝልግልግ ሽፋን ራሱን እንደ አጎበር ይሸፍናል። በቅርብ ዘመዱ በፓሮትፊሽ ላይ በተሠራ ምርምር ያ ሽፋን በሌሊት ደም ከሚመጥጡ ናትይድ ከሚባሉ ጥገኞች እንደሚከላከል ታይቷል። ለእኛ የሚጠቅመን ሌላው ነገር ነው፦ እዚያ ውስጥ የተኛ ዓሣ ቶሎ አይነቃም፣ ሲነቃም ለመሸሽ ጊዜ ይወስድበታል። መብራቱ ከጠፋ ከብዙ ሰዓት በኋላ ወይም ሊነጋ ሲል፣ የታንኩ መብራት ሳይበራ አድርጊው። ቀይ የእጅ ባትሪ ተጠቀሚ፤ ብዙ ዓሦችን እንደ ነጭ ብርሃን አያስደነግጥም።

ሰማያዊ_ጥግ፦

በዚህ ዘዴ ዓሣ አውጥቼ ስለማውቅ ዝርዝሩን ልንገርሽ እህቴ። አለቱን እንዲሁ ወደ ላይ ካነሣሽው ውሃው ከቀዳዳው ሲፈስ ዓሣው አብሮ ወርዶ ታንኩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ቦታውን ይለውጣል፣ ሥራውም እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ አለቱ ከውሃ የሚወጣው ዕቃ ውስጥ ሆኖ ነው።

አለቷን የሚበቃ የፕላስቲክ ሣጥን ወይም ሳፋ ታንኩ ውስጥ አስጥሚ። ፓምፖቹ ይጥፉ። በቀይ ብርሃን ዓሣው መኖሩን አረጋግጪ። ቀዳዳዋን በእጅሽ ወይም በንጹሕ የፊልተር ጥጥ ለስለስ አድርገሽ ድፈኚ፤ በሌላ በኩል መውጫ ካለው እሱንም። አለቷን ከውሃ ሳታወጪ ወደ ሳፋው አንሸራትቺና ሳፋውን ከነውሃው አብራችሁ አንሡት። ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ውሃ ከባድ ነው። ከዚያ ውጭ አለቷን ከሳፋው በላይ ዘንበል አድርገሽ ያዢ፤ ውሃው ከቀዳዳው ሲንጠፈጠፍ ዓሣው ውሃውን ተከትሎ ይወርዳል። ካልወረደ በዚያው ውሃ በቀስታ እያፈሰስሽ እጠቢው። ሽቦ አትስደጂበት።

አንድ የማስጠነቅቅሽ ነገር፦ ዞአንተስ ያለበትን አለት ስለምትነኪ ጓንትና መነጽር አድርጊ። ከነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ቁስል ያለበት እጅ አይንካው፣ የተነካ እጅ ዓይን አይንካ። አለቱ በፍጹም አይፈቀፈቅ፣ የፈላ ውሃም አይፍሰስበት፤ በእንፋሎቱ የታመሙ ሰዎች አሉ።

አለት_በአለት፦

ይህ ይሻላል፣ አምኛለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከላይ የተጫነባት አለት ካለ ቀን ቀን አስቀድመሽ አላላው፣ በጣም ሳትነካኪ። በሌሊት ክምር ቢናድ ዓሣውንም መስታወቱንም ይጎዳል።

ማዕበሏ፦

ወጥቷል!!!

እንዲህ ሆነ። ከላይ የነበረችውን አንዲት ትንሽ አለት ቀን አነሣሁ፣ የቀረውን አልነካሁም። ማታ በተለመደው ሰዓት እዚያችው ቀዳዳ ገባ፣ ትልቅ እፎይታ ነበር። ሊነጋ ሲል ከእኅቴ ጋር ተነሣን። በቀይ ብርሃን ሳየው በዚያ ስስ ሽፋን ውስጥ ጎኑን ለአለቱ ሰጥቶ ተኝቷል፣ ስንጥቡ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የፊቱን ቀዳዳ በጥጥ ደፈንኩ፤ የኋላው ጠባብ ስለነበር በጣቴ ያዝኩት። አለቷ ወደ ሳፋው ስትገባ እንኳ አልወጣም። ውጭ ዘንበል ሳደርጋት መጀመሪያ ሁለት ሸርጣን ወደቁ፣ ቀጥሎ አንድ ቀንድ አውጣ፣ ከዚያ እሱ። በኩባያ ነው ያነሣሁት፣ መረብ አልነካውም። አለቷም ሸርጣኖቹም ወዲያው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል፤ ዞአንተሶቹ በማግስቱ ተከፈቱ።

አሁን ማቆያ ታንክ ውስጥ ነው። ጥግ ይዞ ቆሟል፣ ቀለሙ ትንሽ ደብዝዟል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዴት ልያዘው?

ሰማያዊ_ጥግ፦

እሰይ! እጅሽ ይባረክ።

ከሁሉ በፊት ክዳን። ሲክስላይን ዘላይ ነው፣ አዲስ ቦታ ላይ ደግሞ ይብስበታል። ቀዳዳው የጠበበ መረብ ክዳን አድርጊ፤ የማሞቂያ ገመድ የሚያልፍበት ክፍተት ሳይቀር ይሸፈን። መደበቂያ የፒቪሲ ቱቦ ቁራጮች አስገቢለት፣ የሚተኛበት ካጣ አይረጋጋም። ቱቦ ለወደፊትም ይጠቅምሻል፤ ዓሣው ውስጡ መተኛት ሲለምድ በሁለቱም ጫፍ በእጅ ይዞ ማውጣት ይቻላል።

ጥልቁ፦

ኮፐሩን በአንድ ጊዜ እስከ ሙሉ መጠን አታድርሺው። ራስ (wrasse) የሚባለው የዓሣ ቤተሰብ፣ ሲክስላይንም ከነሱ ነው፣ ለኮፐር ስሱ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርጊ፣ ለዚያ መድኃኒት በሚሆነው መመርመሪያ በየቀኑ ለኪ። መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የሕክምና መጠን ላይ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ከዚያ እንዳይወርድ፤ አንድ ቀን ከወረደ ሕክምናው እንደ አዲስ ይቆጠራል። መብላቱን ካቆመ መጨመሩን ለጊዜው ግቺው።

ሁለተኛው ጠላት አሞኒያ ነው። ማቆያ ታንክ ውስጥ አለት ስለሌለ ቆሻሻውን የሚያጠፋ ባክቴሪያ ጥቂት ነው። አሞኒያ ከታየ ውሃ ቀይሪ፤ በአዲሱ ውሃ ውስጥ ያንኑ የኮፐር መጠን አድርገሽ። አሞኒያን የሚያስሩ ፈሳሾችን ከኮፐር ጋር አትቀላቅዪ፣ ኮፐሩን ይበልጥ መርዛማ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ምግቡ በመጠን ይሁን፣ ግን ቶሎ ቶሎ። አለት ሲለቅም የኖረ ዓሣ ባዶ ታንክ ውስጥ በአንድ ጊዜ ምግብ አይጠግብም።

አዲስ_ጀማሪ፦

ብዙ ተማርኩ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ፍቀዱልኝ። እኔ ጋ ዶሚኖ ዳምሰል አለ፣ አልታመመም፣ ግን ሌሎቹን አላስቀምጥ ብሏል። ለእሱም ሌሊት መጠበቅ ነው?

ወጥመድ_ሠሪው፦

አይ፣ ለእሱ ወጥመድ ነው። ዳምሰል ውሃ መሀል የሚበላ፣ ስግብግብና ቦታውን የሚያስከብር ዓሣ ነው፤ አለት በመልቀም አይጠግብም። ወጥመዱን እሱ በሚጠብቀው ክልል መሀል አስቀምጥ፤ ለምዶት ካልገባ ጀርባው ላይ ትንሽ መስተዋት አቁምበት። የራሱን መልክ ባላንጣ መስሎት ሊያባርር ይገባል። በሩን የምትለቀው መስተዋቱን ሲገጥም ነው። መስተዋቱን ደግሞ ከተያዘ በኋላ ወዲያው አንሣው፣ ሲጣላ ራሱን እንዳያደክም።

አለት_በአለት፦

ታንኩ ኮራል ከሌለው ውሃ ማውረዱም ለዶሚኖ ይሠራል፤ ሲያድግ ወደ አለት ቀዳዳ ለመግባት ይተልቃል። ማሞቂያውን መንቀል ብቻ አትርሳ።

ማዕበሏ፦

አጭር ዜና፦ ዛሬ ማይሲስ በላ፣ ክዳኑም ተገጥሟል። ዋናው ታንክ ውስጥ ያሉት ሽሪምፕና ቀንድ አውጣዎች ደህና ናቸው፤ የዓሣ ምግብ ስለቆመ ለእነሱ በየጥቂት ቀኑ ጥቂት ነገር እጥላለሁ። ውሃው 26 ዲግሪ፣ ጨዉ 35 በሺህ ላይ ነው። የ76 ቀኑን ቆጠራ ጀምሬያለሁ፤ ለማቆያው የተለየ መረብ፣ የተለየ ባልዲ አለው፣ በአንዱ የገባ እጅም ሳይታጠብና ሳይደርቅ ወደ ሌላው አይገባም።